እፍኝ የማትሞላ ከሰል

ያን ቀን ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት አይገናኙም ነበር። ደብዳቤው በፖስታ ይሄዳል፣ ልጁ መርከቡ ላይ ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ዝናብን ከልቤ ያመሰገንኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስሜ ቶማስ ሬስኮርላ ነው። መድኃኒት ቀማሚ ነኝ፤ ቆርቆሮ በሚቆፈርበት በኮርንዋል ምድር፣ ትሬጎን በምትባል መንደር ሃያ ሁለት ዓመት የሳል ሽሮፕ ስሸጥ ኖሬአለሁ። በተጨማሪም የመንደራችን የንባብ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ወንበር የሚደረድረው፣ ምድጃ የሚያነደው፣ አባላቱ ሲጣሉም መሀል ገብቶ ስድብ የሚቀበለው ሰው ማለት ነው።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት አድርሼ ስመለስ ዶፍ ያዘኝና ዊል ግሬስ በሚባለው ማዕድን የጉድጓዱን ውሃ የሚስበው የእንፋሎት ሞተር ወዳለበት ቤት ሮጬ ገባሁ። ከውስጥ የሞተሩ ሠራተኛ ጋሽ ሐኒባል ፔንደርና ልጃቸው ፔትሮክ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ ለሁለት ገምሰው ይበላሉ። ባርኔጣዬን እንኳ ሳላራግፍ በሩ እንደገና ተከፈተና የኔታ ጆሳያ ናንኪቬል ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው ገቡ። እውነቱን ልናገርና ወደ ዝናቡ ተመልሼ ብወጣ ደስ ባለኝ ነበር። የኔታ በደረት ኪሳቸው የያዙትን ደብዳቤ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ቀን አጥርቼ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔትሮክ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ስኮትላንድ ሄዶ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ተምሮ መጥቷል። ለሞተር ሠራተኞችና ለቆፋሪዎች በሳምንት ሁለት ምሽት የሙቀትን ትምህርት ላስተምር፣ አዳራሹን ፍቀዱልኝ ብሎ ለማኅበራችን ማመልከቻ አስገባ። ፈቃጁ ሊቀ መንበራችን የኔታ ናንኪቬል ናቸው፤ አርባ ዓመት የመንደሩን ልጆች ጂኦሜትሪ ያስተማሩ፣ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ፣ ግን ግትር ሽማግሌ። ማመልከቻውን ደስ እያላቸው ሲያነቡ ቆዩና አንድ ቦታ ሲደርሱ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «የሙቀት ንድፈ ሐሳብ የተወለደው ከከሰል መወደድ ነው» ይላል። ወዲያው «አይፈቀድም» የሚል መልስ አጻፉኝ።

ፔትሮክ ደግሞ ካልተፈቀደለት ቅዳሜ ከፋልማዝ ወደብ በሚነሣው መርከብ ወደ ሜክሲኮ የብር ማዕድን እንደሚሄድ ቁርጡን ተናግሯል። ወደዚያ ከሄዱት የመንደራችን ልጆች ሲመለስ ያየነው የለም። ጋሽ ሐኒባል ሚስታቸውንና የበኩር ልጃቸውን ዲጎሪን ቀብረዋል፤ የቀራቸው ይህ አንድ ልጅ ነው። ስለ መሄዱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሽሮፕ ሊገዙ ሱቄ ሲመጡ ሽሮፑን ረስተውት ይሄዳሉ።

«ግቡ የኔታ፣ ግቡ! ወደ ሲሊንደሩ ጠጋ ይበሉ» አሉ ጋሽ ሐኒባል፣ የተገለበጠ በርሜል በክንዳቸው እየወለወሉ።

የኔታ ጀርባቸውን ለትልቁ ሲሊንደር ሰጥተው በርሜሉ ላይ ተቀመጡና ጥቂት ቆይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምን ጉድ ነው ሐኒባል? ቀን ከሌት እሳት የሚበላ ነገር ተደግፌ በብርድ ልሞት ነው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ። ሲሊንደሩን ካለበስንበት እንጨት ሥር ሰጋቱራ ጠቅጥቀንበታል። ሙቀቱ ውሃ ይሳብበት እንጂ የሰው ጀርባ እንዲያሞቅ አንፈቅድለትም። ባለፈው ወር በአንድ ቅርጫት ከሰል ስድሳ ሚሊዮን ፓውንድ ውሃ አንድ ጫማ ከፍ አድርጋለች፤ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ይዩት» አሉ፣ ስለ ልጃቸው እንደሚናገር ሰው እየኮሩ። በእኛ አገር እያንዳንዱ ሞተር በአንድ ቅርጫት ከሰል ምን ያህል ውሃ እንዳነሣ በየወሩ ይታተማል። ሰዉ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ የሚከራከረው ስለ ስብከቱ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

የኔታ ዝርዝሩን አላዩም። ወደ ፔትሮክ ዞሩ። «ፖስታ ቤት እየሄድኩ ነበር። ካገኘሁህ ግን ፊት ለፊት መንገር ይሻለኛል» አሉና ደብዳቤውን ሰጡት።

ፔትሮክ አንብቦ አጠፈው። ጋሽ ሐኒባል ቂጣቸውን አስቀመጡ።

«ውሳኔዎን አከብራለሁ የኔታ። ምክንያቱን ብጠይቅ ይቆጣሉ?»

«ለምን እቆጣለሁ? አስተምሬሃለሁ፤ የመጠየቅ መብት አለህ። እስቲ መልስልኝ፣ የሦስት ማዕዘን ማዕዘናት ድምር ከሰል ሲወደድ ይጨምራል?»

«አይጨምርም።»

«ሲረክስስ ይቀንሳል?»

«ኧረ አይቀንስም።»

«ታዲያ አንተ የፊዚክስን ንድፈ ሐሳብ የገበያ ልጅ የምታደርገው በየትኛው አፍህ ነው? ተፈጥሮ ሕጓን ስታወጣ ከሰል ነጋዴ አማክራለች? ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ጭቃና ጭስ ርቆ ከሚያስብ ከንጹሕ አእምሮ ይወጣል። እነዚህ ምስኪኖች አዳራሼ መጥተው እውነት ከዋጋ ጋር ትወጣለች፣ ትወርዳለች ብለው እንዲሄዱ አልፈልግም።»

«እውነት ከገበያ ተወለደች አላልኩም። ከገበያ የሚወለደው ጥያቄው ነው» አለ ፔትሮክ። «የኔታ፣ በዚህ መንግሥት ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሞላው የት ነው?»

«ሰሜን ነዋ።»

«ትልልቅ ሞተር ያለውስ? የተማረ መሐንዲስ የሞላውስ?»

«እሱም ሰሜን።»

«እኛ ጋ አንድ ጉድጓድ ከሰል የለም። ከዌልስ በመርከብ እናስመጣለን፤ ወደብ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ታዲያ ከአንድ ቅርጫት ከሰል ምን ያህል ሥራ ይወጣል ብሎ በየወሩ መለካት ለምን ሰሜን አልተለመደም? ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን እንፋሎት ግማሽ መንገድ ላይ ቆርጠን የገባው በራሱ እየሰፋ ይግፋ ብንል ሥራው ለምን ይበዛል የሚለው ክርክር ለምን እኛ ጋ ጦፈ?»

«እኛ ብልሆች ስለሆንን ነዋ!» አሉ የኔታ፤ እዚህ ላይ እኔም ሳላስበው ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ሰሜኖቹስ ደደቦች ናቸው?»

«ኧረ አፍህን ያዝ! የእኅቴ ልጅ እዚያ መሐንዲስ ነው። እኔ ካነበብኩት እጥፍ አንብቧል።»

«እንግዲያው እሳቸውን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ሞተራቸው ስንት ከሰል እንደሚበላ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አልጠየቅኩም» ብሎ ይገላገል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? የኔታ ግን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ሌላ ደብዳቤ አወጡ።

«ለምጽፈው መጽሐፍ ቁጥር ፈልጌ ጠይቄው ነበር። መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ሰነፍ ሆኗል ብዬ ተናድጄበት ነበር» አሉና መነጽራቸውን ጠርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «‹የተወደዱ አጎቴ፣ ሞተራችን በቀን ስንት ከሰል እንደሚያነድ ጠይቀውኛል። አንዳጁን ብጠይቀው ሳቀብኝ። ነጋዴ የማይገዛው የከሰል ድቃቂ በጉድጓዱ አፍ ተቆልሏል፤ እሳቱ ሲደክም በአካፋ እንሞላለን። የሚለካ ሰው የለም። ደግሞስ ለምን ብሎ ይለካል?›»

የመጨረሻውን መስመር ሲያነቡ ድምፃቸው ወረደ። ጋሽ ሐኒባል ግን መቻል አቃታቸው። «አይለኩም? በሞቴ አይለኩም?» አሉ፤ እንዲህ ያለ ኃጢአት ሰምተው የማያውቁ ይመስላሉ።

«እሺ» አሉ የኔታ። «መለኪያው ከኑሮ ይምጣ። መለኪያ የእጅ ሥራ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስለ ሙቀት ስጽፍ አንድ ቀን ሞተር ቤት ገብቼ አላውቅም። ከጥናት ክፍሌ ሳልወጣ ያሰብኩት ነው።»

«በመጽሐፍዎ ሙቀት እንዴት ነው ሥራ የሚሠራው? በትሕትና ነው የምጠይቅዎ።»

የኔታ ፊታቸው በራ። ሠላሳ ዓመት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «ሙቀት ረቂቅ ፈሳሽ ነው» አሉ። «ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይወርዳል። ሥራ የሚሠራው ሲወርድ ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን፣ የሚወርደውም በበዛ መጠን፣ መዘውሩ…» ቆም አሉ። «መዘውሩ ማለቴ ምሳሌ ነው።»

«የአባትዎ መዘውር!» አሉ ጋሽ ሐኒባል ደስ ብሏቸው። «ወንዙ ዳር የነበረው፣ በውሃ እየዞረ የቆርቆሮ ድንጋይ የሚወቅጠው! እርስዎ እኮ ከልጅነትዎ ጀምሮ እዚያ ቁጭ ብለው ውሃው ሲወርድ ነበር የሚያዩት። አባትዎ ‹ይህ ልጅ ፈዟል› እያሉ ያዝኑ ነበር።»

ጋሽ ሐኒባል ክፋት አልነበረባቸውም። የኔታ ግን ቀለማቸው ተለወጠ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ።

«እንግዲያው ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት የአባቴን መዘውር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ፔትሮክ ደነገጠ። ክርክሩን ማሸነፍ ፈልጎ ነበር፣ ሽማግሌውን ማዋረድ ግን አልፈለገም። «የኔታ፣ የእኔም ሐሳብ እኮ እዚህ ሲሊንደር ሥር ነው የተወለደው። ሁላችንም ዓይናችን ካየው ነው የምንነሣው። ውሃ የሚወርድበት አገር ያደገ ሰው ሙቀትን እንደ ውሃ ያስባል። ካላዩት ነገር ምሳሌ ማን ያወጣል?»

«ከሆነማ ሁሉም የየሠፈሩ ወሬ ነው!» አሉ የኔታ ቀና ብለው፤ አሁን በእውነት ተቆጥተዋል። «ያንተ ከእኔ በምን ይበልጣል? ነገ ባለጠጋ ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈልገውን ንድፈ ሐሳብ ያጽፍ? ይህ ነው የምታስተምራቸው?»

እኔም ከየኔታ ጋር ሆንኩ፤ ጥያቄው ትክክል ነውና። ፔትሮክ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አባቱ ቀደሙት።

«ማንበብ አልችልም፤ ልድፈር?» አሉ ጋሽ ሐኒባል። «ባለፈው ክረምት የማዕድኑ አለቃ የጎረቤት ማዕድን ሞተር ሰባ ሚሊዮን ደርሷል፣ አንተም ድረስ አለኝ። እሱ ፈለገ። እኔም ከእሱ በላይ ፈለግኩ፤ ስሜ ነው የሚለጠፈው። ሰጋቱራ ጨመርኩ፣ እንፋሎቱን ቀደም ብዬ ቆረጥኩ፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት። ስድሳ ላይ እምቢ አለች። አለቃው ሊያዘኝ ይችላል የኔታ፤ እሷን ማዘዝ አይችልም።»

የኔታ ወደ ፔትሮክ ዞሩ። «ጠያቂውን ኑሮ ይመርጠዋል፤ መልሱን ግን ተፈጥሮ ትሰጣለች። እንዲህ ነው የምትለው?»

«ከእኔ አሳምረው ተናገሩት» አለ ፔትሮክ። «ስለዚህ ነው ማን እንደሚጠይቅ ማወቅ የሚያስፈልገን። ያልተጠየቀ ነገር መልስ የለውም። የኔታ፣ በመስኮቱ ይመልከቱ።»

የጠዋቱ ፈረቃ እየወጣ ነበር። ቆፋሪዎቹ አንድ በአንድ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ይላሉ፤ ብቅ ያለው ሁሉ እዚያው ዝናብ ላይ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። እግሩ ወደ ቤቱ አይወስደውም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጫማ በመሰላል ወጥቶ ነው። ሳላቸው በሞተሩ ድምፅ ላይ ይሰማ ነበር። ያን ሳል ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አንድ ቀን ቆሜ ጠይቄ አላውቅም።

«ከዚያው ጉድጓድ ውሃውን ሞተር ያወጣዋል» አለ ፔትሮክ። «ሰውየው በመሰላል ይወጣል። ስለ ውሃው በየወሩ ይታተማል። ስለ ሰውየው የለካ የለም፤ ምክንያቱም ውሃው ካልወጣ ማዕድኑ ይቆማል፣ ሰውየው በሠላሳ ዓመቱ ሳንባው ቢበጠስ ግን በሩ ላይ ሌላ ይጠብቃል። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ ክብደት ነው፣ ከፍታ ነው። ግን የሚጠይቅ ባለቤት የለውም። ወንድሜን ያስታውሱታል?»

«ዲጎሪ» አሉ የኔታ። «በዘጠኝ ዓመቱ ከእኔው ያጠረ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ሰሌዳ ላይ ጻፈልኝ። ቆፋሪ ሆኖ፣ ሳንባው በመሰላሉ አልቆ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞተ።»

«ይህን ጥያቄ ሊጠይቁ የሚገባቸው እነዚያ ጭቃ ላይ የተቀመጡት ናቸው። እንዲጠይቁ ነበር ላስተምራቸው የፈለግኩት። ሌላ ዓላማ የለኝም።»

የኔታ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። «መልካም ቀን» ብለው በዚያ ዶፍ ወጥተው ሄዱ። ፔትሮክ የእምቢታውን ደብዳቤ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ሐኒባል ወደ እሳቱ ዞረው፣ ያለ ወትሯቸው፣ ሳያስፈልግ አንድ አካፋ ከሰል ጨመሩ።

ረቡዕ ከየኔታ ምንም አልተሰማም። ሐሙስም ቢሆን። እንግዲህ አበቃ አልኩ። ዓርብ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ሁለት ቀን ያልተኙ ይመስላሉ።

«ሬስኮርላ፣ አንድ ቆፋሪ ስንት ይመዝናል?»

«መቶ ኀምሳ ፓውንድ ቢሆን ነው። ምነው የኔታ?»

«የመድኃኒት ሚዛንህን አምጣ። እምድጃህ ዘንድ ካለው ከሰልም ስጠኝ።»

አንድ ቁራጭ አስቀምጠው አነሡ፣ ሌላ አስቀመጡ፣ በመዶሻ ጫፉን መቱ። ሚዛኑ ሲቆም አራት አውንስ ተኩል አለ። ቁራጩን የሳል መድኃኒት በምጠቀልልበት ወረቀት ጠቅልለው «ና ተከተለኝ» አሉኝ። መንገድ ላይ ቃል አልተናገሩም።

እነ ፔንደር ቤት የፔትሮክ የጉዞ ሳጥን ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ፔትሮክ ጫማውን ይቀባል። ጋሽ ሐኒባል ምንም ሳይሠሩ ቆመዋል። የኔታ «እንደምን አደራችሁ» እንኳ ሳይሉ ወረቀቱን ፈትተው ከሰሉን በጋሽ ሐኒባል መዳፍ ላይ አኖሩት። እፍኝ አይሞላም።

«ይህ ምንድን ነው የኔታ?»

«ባንተ ሞተር ልክ አሰላሁት። ሦስቴ ደጋገምኩት፤ ስሕተት ፈልጌ አጣሁ። አንድን ሰው ከጉድጓዱ ሥር እስከ ላይ ለማውጣት የሚበቃው ይህ ነው። ለሰንሰለቱና ለፍትጊያው ብለህ እጥፍ አድርገው፤ ያኔም እጅህን አይሞላም።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አርባ ዓመት ሙሉ ‹መሰላል ግድግዳ ላይ ቢደገፍ ከፍታው ስንት ነው› እያልኩ አስተማርኩ። የሚወጣበትን ሰው አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ዲጎሪን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ሐኒባል።»

ጋሽ ሐኒባል ከሰሉን አዩት። «ይቺ ናት?» አሉ። «ለልጄ ይቺ ትበቃው ነበር?»

ፔትሮክ ተነሥቶ አባቱን አቀፈ። ከዚያ የሳጥኑን ገመድ መፍታት ጀመረ። የኔታ «አዳራሹ ያንተ ነው» ብለው ጎንበስ አሉና ሊያግዙት ሲታገሉ ቋጠሮውን የባሰ አጠበቁት፤ በመጨረሻ እኔ በቢላዬ ቆረጥኩት።

ትምህርቱ በኅዳር ተጀመረ። አርባ አንድ ሰው መጣ፤ የኔታ ሰሌዳቸውን ይዘው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ በየመሀሉም እጃቸውን እያወጡ መምህሩን ያስቸግራሉ። የመጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ቀደው «ስለ አባቴ መዘውር» ብለው እንደገና ጀመሩት። ቆፋሪዎቹ ማስላት ሲማሩ የመሰላሉን ሒሳብ በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ አርባ አንዱም ፈርመው ለማዕድኑ ባለቤቶች ላኩ። ባለቤቶቹ በርኅራኄ ብቻ አልተነቃነቁም፤ ሳይደክም ሥራ ቦታው የደረሰ ሰው ብዙ እንደሚፈልጥ ቁጥሩ ስላሳያቸው ጭምር ነው። በሦስተኛው ዓመት ዊል ግሬስ ላይ ሰው የሚያወርድና የሚያወጣ ማንሻ ተተከለ። ጉድጓድ አፍ ላይ ጭቃ ውስጥ የሚቀመጥ ቀረ፤ የአርባ ዓመት ሰው ከልጆቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ አየን። የእኔ የሽሮፕ ገበያ በሲሶ ወደቀ፤ ሚስቴ ስታማርር እኔ በሆዴ እስቅ ነበር።

ለሚያነቡኝ የምለው ይኸው ነው። ንድፈ ሐሳብ ስታነቡ ትክክል መሆኑን መርምሩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ማን ቸግሮት እንደጠየቀው፣ ማንስ ቸግሮት ሳይጠይቅ እንደቀረ እዩ። ሁለተኛውን ሳናይ ብዙ ሰው ቀብረናል።

ጋሽ ሐኒባል ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ከሰሏን በመስኮታቸው ደፍ ላይ፣ በዲጎሪ የልጅነት ሰሌዳ አጠገብ አስቀመጧት። ከሰል በውድ በሚገዛበት አገር፣ ምድጃቸው ባዶ ሆኖ ባደረበት ብርድ እንኳ፣ ያቺን አላነደዷትም።